20 ሚሊዋት ይዛ ዓለምን የምትዞር ፊኛ የት እንዳለች እንዴት ይታወቃል?

ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ገደሉ ውስጥ ሲገባ የስልኩ ሲግናል ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ስልኩ ደሞ ታወር ሲርቀው በ4ጂ እስከ 200 ሚሊዋት ድረስ እየገፋ ነው እንደዛ የሚሆነው። አሁን የማወራላችሁ ፊኛ የተሸከመችው ራዲዮ የዛን አንድ አስረኛ ነው የሚያወጣው፣ 20 ሚሊዋት ምናምን፣ ባትሪ የላትም፣ የተንጠለጠለባት ዕቃ ሁሉ ተደምሮ 15 ግራም አካባቢ ነው፣ እና ሱዳን ሰማይ ላይ ሆና የላከችው መልእክት ጀርመን ውስጥ የአንዱ ሰውዬ ኮምፒውተር ላይ ብቅ ይላል። ቀልድ አይደለም፣ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፣ የሚሰሩትም አማተር ራዲዮ (ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሰራ የራዲዮ ግንኙነት) የሚወዱ ሰዎች ናቸው እንጂ ናሳ አይደለም።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "ማን ነው የሚከታተላት?" ብሎ ነው። ማንም! አንቴና እያዞረ አቅጣጫዋን የሚፈልግ ሰው የለም፣ ለሳተላይት የሚከፈል ብርም የለም። ፊኛዋ ላይ ስልካችሁ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ጂፒኤስ አለ፣ ስለዚህ የት እንዳለች ራሷ ታውቀዋለች፣ ችግሩ ያወቀችውን ነገር መሬት ላይ ላለ ሰው ማድረሱ ላይ ነው። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ነገር ቀላሉ ክፍል ፊኛዋ ናት፣ ከባዱ ሰሚ ማግኘት ነው፣ በተለይ እኛ አካባቢ፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ፊኛዋ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ሜትሮሎጂዎች የሚለቁት የላስቲክ ፊኛ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተለጠጠ ሄዶ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይፈነዳል፣ ዕቃው በፓራሹት ይወርዳል፣ በሁለት ሦስት ሰዓት ያለቀ ጉዳይ ነው። ይቺኛዋ ግን ልደት ላይ የምትታየው የብር መልክ ያላት ፕላስቲክ ፊኛ ዘመድ ናት፣ አትለጠጥም። ስትለቀቅ ግማሿ እንኳን አልሞላም፣ ወደ ላይ ስትወጣ ውጪ ያለው አየር እየሳሳ ውስጥ ያለው ጋዝ እየሰፋ ይሄድና ጢም ትላለች፣ ከዛ በኋላ መስፋት ስለማትችል የራሷ ክብደት የቦታዋን አየር ከሚመዝነው ጋር እኩል የሆነበት ከፍታ ላይ ትቀራለች። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። 12 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩ ባህር ጠለል ላይ ካለው ሩቡን ብቻ ነው የሚመዝነው። ሰዎቹ ጋዝ ሲሞሉ በግራም እየመዘኑ የሚጨነቁትም ለዚህ ነው፣ ትርፉ ጥቂት ግራም ብቻ መሆን አለበት፣ አብዝቶ የሞላ ሰው ቶሎ ትወጣለታለች ግን ጢም ካለች በኋላ ግፊቱን ሳትችል ትቀደዳለች።

ባትሪ የሌላት ለምን መሰላችሁ፣ አንደኛ ክብደት ነው፣ ሁለተኛ እዛ ላይ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል (የደብረ ብርሃን ብርድ እዛ ሲታይ ሙቀት ነው) ትንሽ ባትሪ ደሞ በዚህ ብርድ አይሰራም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ስስ የሶላር ቁራጭ ብቻ ይታሰርላታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ራዲዮው ይሞታል፣ ጠዋት ፀሐይ ከፍ ስትል ይነሳል፣ ጂፒኤሱ ቦታውን ይፈልጋል፣ ከዛ "እዚህ ነኝ" ማለት ይጀምራል። ሌሊቱን ግን ነፋሱ አይቆምም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትነዳ በ12 ሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ናት፣ ማለትም ማታ ደብረ ብርሃን አናት ላይ ዝም ያለች ፊኛ ጠዋት ቦሳሶን አልፋ ባህር ላይ ልትነሳ ትችላለች። ካርታ ላይ መንገዷን ስታዩት መስመሩ ቀን ቀን ብቻ ነጠብጣብ ያለው፣ ሌሊቱ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራዲዮው። አንደኛው መንገድ ኤፒአርኤስ የሚባለው የአማተሮች ቦታ መላኪያ ነው፣ 144 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይሰራል፣ አሜሪካ ላይ 144.39 አውሮፓ ላይ 144.80። ጥሩ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ይልካል፣ ቦታውም ትክክል ነው። መጥፎ ነገሩ ቀጥታ መተያየት ይፈልጋል። 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ፊኛ በሒሳብ ዙሪያዋን እስከ 450 ኪሎ ሜትር ድረስ ትታያለች፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከሆነች ደሴም ሐረርም ጅማም ክልሏ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ጥሩ ርቀት ነው፣ ግን ደሴም ሐረርም ጅማም ላይ መቀበያ የከፈተ ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? አውሮፓ ውስጥ በየከተማው መቀበያ ስላለ ይሰራል፣ ውቅያኖስ ላይ፣ ሰሃራ ላይ፣ እኛ ጋ፣ ዝም።

ሁለተኛው መንገድ ነው ነገሩን የቀየረው። 14 ሜጋ ኸርዝ ላይ፣ ማለትም አጭር ሞገድ፣ ድሮ አባቶቻችን የውጪ ጣቢያ በትራንዚስተር ይሰሙበት የነበረው ዓይነት፣ ሲግናሉ ከመሬት በላይ 250 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችውን የአዮኖስፌር ንብርብር (የከባቢ አየሩን ላይኛ ክፍል) መትቶ ተመልሶ መሬት ላይ ይወርዳል፣ ከመሬት ደሞ እንደገና ሊነጥር ይችላል፣ እንዲህ እያለ ሺዎች ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 14 ሜጋ ኸርዝ በብዛት ቀን ቀን ነው ክፍት የሚሆነው፣ ፊኛዋም የምትሰራው ቀን ቀን ስለሆነ ሁለቱ ተገጣጠሙ።

ግን 20 ሚሊዋት እኮ ነው፣ እዛ ሲደርስ ከጫጫታው በታች ሰጥሞ ነው የሚደርሰው። እዚህ ጋ ነው ደብሊው ኤስ ፒ አር የሚባለው ነገር የሚገባው፣ ሰዎቹ ባጭሩ ዊስፐር ይሉታል። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጆ ቴይለር ይባላል፣ የፕሪንስተን የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረ፣ በ1974 እሱና ራስል ኸልስ ከሌላ ኮከብ ጋር ጥንድ ሆኖ የሚዞር ፑልሳር (እየተሽከረከረ የራዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ) አግኝተው በ1993 ኖቤል የወሰደው ሰውዬ ነው። ከሰማይ ጥግ የሚመጣ ደካማ ሲግናል ከጫጫታ ውስጥ ሲለቅም የኖረ ሰው ስለሆነ ለአማተሮቹም ያንኑ ሙያ ነው ያመጣላቸው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። መንዝ ውስጥ እረኛ ገደል ማዶ ያለ ጓደኛውን ሲጣራ በፍጥነት አያወራም፣ አንዲት ስም ናት የምትወጣው፣ እሷኑ ይጎትታታል፣ ያስረዝማታል፣ ማዶ ያለውም ምን ሊባል እንደሚችል ቀድሞ ስለሚያውቅ ግማሹን ነፋስ ቢወስደው እንኳን ይገባዋል። ዊስፐርም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፤ ትንሽ ነገር፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሰሚው በሚያውቀው ቅርጽ። መልእክቱ በሙሉ 50 ቢት ነው። በስልክ ቴክስት አማርኛ ስትጽፉ አንዱ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል፣ ስለዚህ 50 ቢት ማለት ሦስት ፊደል ነው! ይቺን ለመላክ 110.6 ሰከንድ ይፈጅባታል፣ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ምንም ያልቀረው። አራት ድምፆችን ነው የምትጠቀመው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ኸርዝ ተኩል እንኳን አይሞላም፣ በጆሮ ብትሰሙት አንድ ወጥ ፉጨት ነው የሚመስላችሁ። ጠቅላላ የያዘችው ስፋት 6 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የሰው ድምፅ የሚያስተላልፍ ራዲዮ ደሞ 2,500 ኸርዝ ገደማ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ እቺን ቀጭን መስመር ብቻ እየጠበቀ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለሚያጠራቅም፣ ሲግናሉ በዛ 2,500 ኸርዝ ውስጥ ካለው ጫጫታ 600 ጊዜ አንሶ እንኳን ያወጣዋል። ከዛ ላይ 50ዎቹ ቢቶች ወደ 162 ምልክት ተዘርግተው ነው የሚላኩት፣ መሐል ላይ የተበላሸ ካለ ከቀሩት ተነስቶ ይጠገናል።

ሦስት ፊደል በምታክል ቦታ ውስጥ ምን ይገባል? የላኪው መጠሪያ፣ ያለችበት ሳጥን፣ እና የራዲዮው ኃይል። በቃ። ሳጥን ያልኩትን ላብራራ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማተሮች ዓለምን 324 ትልልቅ ሳጥን ከፍለዋታል፣ እያንዳንዱ በሁለት የላቲን ፊደል ይጠራል፣ እያንዳንዱ ደሞ ለ100 ትንንሽ ሳጥን ተከፍሎ ሁለት ቁጥር ይጨመርበታል። ትንሹ ሳጥን በኬንትሮስ 2 ዲግሪ በኬክሮስ 1 ዲግሪ ነው፣ እኛ ጋ ሲለካ ወደ 220 በ110 ኪሎ ሜትር። ደብረ ብርሃን ያለችው ኬጄ99 ውስጥ ነው። አንኮበርም፣ ደብረ ሲናም፣ ፍቼም፣ ሰሜኑ አዲስ አበባም ኬጄ99 ናቸው፣ በዊስፐር ዓይን ሁላችንም አንድ ቤት ነን። መሐል ሜዳ ግን 10ኛውን የኬክሮስ መስመር ስለተሻገረች ኬኬ90 ናት። ስለዚህ ፊኛዋ "ኬጄ99" ብትል ሰሜን ሸዋም ልትሆን ትችላለች ፒያሳም ልትሆን ትችላለች፣ ለፊኛ ክትትል ይሄ አይበቃም፣ ከፍታዋም የለበትም።

መፍትሔው ትንሽ ተንኮል አለበት፣ እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩትም እሱን ነው። ፊኛዋ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ላይ እውነተኛ መጠሪያዋን ትልካለች፣ ቀጥላ ባለው ሁለት ደቂቃ ደሞ የሐሰት መጠሪያ ትልካለች፣ በ0 ወይ በ1 ወይ በላቲኑ ኪው የሚጀምር። በነዚህ የሚጀምር መጠሪያ ዓለም ላይ ለማንም አገር አልተሰጠም (ኢትዮጵያ ለምሳሌ ኢቲ፣ 9ኢ እና 9ኤፍ ነው ያላት) ስለዚህ ሲመጣ ይሄ ሰው አይደለም፣ ቁጥር የተሸሸገበት ነው ተብሎ ይታወቃል። መጠሪያው፣ ሳጥኑና ኃይሉ የነበሩበት ቦታ ላይ አሁን ሌላ ነገር ታጭቆ ይመጣል፤ የሳጥኑ ሁለት ተጨማሪ ፊደላት፣ ከፍታ በ20 ሜትር እርከን፣ ሙቀት፣ የሶላሩ ቮልቴጅ፣ ፍጥነት። ሁለቱ ፊደላት ሲጨመሩ ሳጥኑ ወደ 9 በ4.5 ኪሎ ሜትር ይጠባል። ኬጄ99 ላይ "ኤስኪው" ቢጨመር ደብረ ብርሃን ነው፣ "ዩኦ" ቢጨመር አንኮበር። ፎርማቱ ሲወጣ ማንም ለፊኛ ብሎ አላሰበውም፣ ፕሮቶኮሉን አንድ ነጥብ ሳይነኩ እንዲህ አድርገው መጠምዘዛቸው ነው የሚገርመው።

ከዛ መሬት ላይ ያለው ሰሚ ኮምፒውተሩ የፈታውን በኢንተርኔት ወደ አንድ የጋራ ዳታቤዝ ይጭናል፣ በራሱ ነው የሚጭነው፣ ሰውዬው ተኝቶም ቢሆን። ላኪው አሜሪካ ቁጭ ብሎ ዳታቤዙን ሲከፍት ፊኛው ትናንት ማንም የማያውቀው በረሃ ላይ እንደነበረች ያያል። ማን የማንን ፊኛ እንደሰማ አይተዋወቁም፣ አንዱ ለአንዱ አይከፍልም፣ ሁሉም ለሁሉም ይሰማል።

አሁን እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፊኛዋ ጀርመን እየተሰማች ጎረቤት አገር ላይሰማት ይችላል። ቀጥታ የምትታይበትን 450 ኪሎ ሜትር ካለፈች በኋላ ከላይ ነጥሮ የሚመለሰው ሲግናል ደሞ ገና ሩቅ ነው የሚወርደው፣ መሐል ላይ ያለው ሰው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ኻርቱም ላይ ያለችውን እኛ ላንሰማ እንችላለን፣ አናታችን ላይ ስትመጣ ግን ከማንም በላይ እንሰማታለን። የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ሰሚ ጥቂት ስለሆነ እዚህ ስታልፍ ከአውሮፓ የሚሰማት ከጠፋ ቀኑን ሙሉ እንደጠፋች ልትቆጠር ነው።

እና እኛ ላይ ያልፋሉ ወይ? ያልፋሉ፣ እንደ ወቅቱ። አብዛኛው ፊኛ የሚለቀቀው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሰሜኑ ወይ በደቡቡ መካከለኛ ኬክሮስ ላይ ነው የሚዞሩት፣ ግን አንዳንዱ ወደ ሐሩር ክልል ይንሸራተታል። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት አካባቢ፣ በዛ ከፍታ ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ስለዚህ ከሰሃራና ከሱዳን በኩል መጥታ ወደ አፋርና ወደ ባህሩ ትወጣለች። በክረምት ደሞ ይገለበጣል፣ ከሕንድ በኩል የሚነሳው የምሥራቅ ነፋስ በኛ ላይ አልፎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እዚህ መሬት ላይ የሚሰማችሁ ነፋስ ከዛኛው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ክረምት ደሞ ለፊኛ መጥፎ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቆለለው የነጎድጓድ ደመና 12 ኪሎ ሜትርን አልፎ ይሄዳል፣ ውስጡ የገባች ፊኛ በረዶ ይጫናትና ትወርዳለች።

የመን ስትደርስ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ ተበላሽተው አይደለም። የመንና ሰሜን ኮሪያን የመሰሉ አገሮች ከሰማይ ላይ አማተር ራዲዮ እንዲላክ ስለማይፈቅዱ ፕሮግራሙ ላይ የድንበራቸው ካርታ ይጻፍና ጂፒኤሱ ውስጥ ነኝ ሲል ራዲዮው ይዘጋል፣ ሲወጣ ይከፈታል።

ዝምታ ሲመጣ ሰው ብዙ ነገር ያስባል፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የሆነውን ላስታውሳችሁ። የሰሜን ኢሊኖይ አማተሮች ኦክቶበር 10 ቀን 2022 የለቀቋት ፊኛ 7ኛ ዙሯ ላይ ሆና፣ 123 ቀን ከበረረች በኋላ፣ ፌብሯሪ 10 ላይ ከአላስካ ምዕራብ ዳርቻ ወደ 11,860 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና መልእክት ላከች፣ ከዛ ዝም። በማግስቱ የአሜሪካ ኤፍ-22 የጦር ጄት ዩኮን ካናዳ ላይ አንድ "ያልታወቀ ነገር" በሚሳኤል መታ፣ ያ ሚሳኤል ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ነው ዋጋው፣ የፊኛዋ ዕቃ ደሞ በመቶ ቤት ዶላር ውስጥ ነው። እሷ ናት ተብሎ በመንግሥት አልተረጋገጠም፣ ስብርባሪውም አልተገኘም፣ ግን ሰዓቱና የነፋሱ መንገድ ስለተገጣጠመ ሰው ሁሉ ጠረጠረ። ባይደንም ከቀናት በኋላ በዛ ሰሞን የተመቱት ሦስት ነገሮች የግል ድርጅት ወይ የመዝናኛ ወይ የምርምር ፊኛ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።

ይሄን ያነሳሁት ለኛም ስለሚሆን ነው። ባሁኑ ሰዓት በኛ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚበር ነገር ሁሉ ሰው ያስደነግጣል፣ እኔ በበኩሌ እዚህ ፊኛ ልቀቁ አልላችሁም። መላክ የሚፈልግ ሰው የራዲዮ ፈቃዱ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፣ ሰማዩ የሲቪል አቪዬሽን፣ ሁለቱን ሳይዙ መጀመር ለራስም ለሌላም ጣጣ ነው። አማተር ራዲዮን በደንቡ ማየት የሚፈልግ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክለብ ጣቢያ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው ያለው። ማሳ ላይ የተጨማደደ የብር ፕላስቲክ፣ ትንሽ ሰርኪዩትና በጣም ቀጭን ረጅም ሽቦ ያገኘም ካለ ይሄ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው አንቴናዋ ነው፣ ወደ 10 ሜትር ይደርሳል፣ የመብራት መስመር ላይ ተሰቅሎ ካያችሁት ግን እንዳትጎትቱት፣ ለቀበሌ ንገሩ።

መስማቱ ነው ለኛ የሚሆነው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አርቲኤል ኤስዲአር የሚባል ትንሽ መቀበያ አለ፣ አጭር ሞገድ የሚቀበለውን ዓይነት ነው መምረጥ፣ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ላፕቶፑ አሮጌ ቢሆንም ችግር የለም። አንቴናው 5 ሜትር ወደዚህ 5 ሜትር ወደዚያ የተዘረጋ ተራ ሽቦ ነው፣ ሁለት ባህር ዛፍ ካላችሁ በቃ። ላፕቶፑ ላይ 14.0956 ሜጋ ኸርዝ ታስገባላችሁ። ትልቁ ጠላት የቤት ውስጥ ጫጫታ ነው፤ ርካሽ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ ስታቢላይዘር፣ የዲሽ አዳፕተር፣ ሁሉም 14 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይጮሃሉ። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑን እዩት፣ ሰፈሩ በሙሉ ሲያርፍ ጫጫታው ቁልቁል ይወርድና ያልነበሩ መስመሮች መታየት ይጀምራሉ፣ ላፕቶፑ በባትሪ እስካለ ድረስ ማለት ነው። እዚህ አገር መብራት ሲሄድ የሚደሰት ሰው ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ገጠር ቤት ደሞ ከደብረ ብርሃን መሐል ይሻላል፣ አንቴናው ትልቅ ከመሆኑ ይልቅ አካባቢው ጸጥ ማለቱ ነው የሚጠቅመው።

ሰዓት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉም የሚላከው በሙሉ ቁጥር ደቂቃ ላይ ነው፣ 0፣ 2፣ 4 እያለ፣ የላፕቶፑ ሰዓት ሁለት ሰከንድ ምናምን ከተዛባ ምንም አይፈታላችሁም፣ አንቴናው ነው ብላችሁ ስትለፉ ትውላላችሁ። ዳታቤዙ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጽፈው፣ የኛን የቀን ሰዓት ላይ 3 ስትጨምሩ እሱ ነው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሰማችሁት 7:00 ተብሎ ይመዘገባል። ኔት ሲጠፋም መስማቱ አይቆምም፣ ፕሮግራሙ የፈታውን ሁሉ ፋይል ላይ ስለሚያስቀምጥ ኔት ሲመለስ ፋይሉን ራሳችሁ ትጭኑታላችሁ፣ ዘግይቶም ይቀበላል። ኔት ሳይኖር የሚዛባው ሰዓቱ ነው፣ ለሱ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ጂፒኤስ መግዛት ያዋጣል።